ኳሷን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ይህን የምጽፈው ከትምህርት መልስ ሜዳ ለምትወርዱ፣ ደብተር ይዛችሁ ለምትቀመጡና ሰፈር ለምታጸዱ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ነው። ኳስን፣ ጽሑፍንና የሰፈር ጽዳትን አንድ ላይ በሚያስኬደው ፕሮግራማችን «ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ» እያላችሁ የምታመነቱም አንብቡት።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው መንገድና የጎርፍ መውረጃ ሥራ ላይ ነው፤ ጡረታዬም ደርሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ዳር ብቅ እላለሁ፤ ልጆቹ «ኢንጅነር» ይሉኛል።

እዚያ ቆሜ የማየውን ልንገራችሁ። ኳስ ሲባል ሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። ደብተር ሲባል ግማሹን እናቱ ትጠራዋለች። አካፋ ሲባል ደግሞ የቀረው ግማሽ እግሩን ያመዋል። (እግሩን ያመመው ልጅ ትንሽ ቆይቶ ሲሮጥ አይቼዋለሁ፣ ስም አልጠራም።) ወላሂ አልፈርድባችሁም። ግን ከሦስቱ የምትሸሹትን አጥብቃችሁ ያዙ። ኳስ የሚወድ ልጅ ማንም ሳይነግረው ግድግዳ ላይ እየመታም ይለማመዳል። ፕሮግራሙ የሚያስፈልጋችሁ ለሌላው ነው።

በፈረቃ የምትማሩ ታውቁታላችሁ፣ ግማሽ ቀን ባዶ ነው። ያንን ግማሽ ቀን የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ፑል ቤቱ ይፈልገዋል፣ ቤቲንግ ቤቱ ይፈልገዋል፣ ስልካችሁም ይፈልገዋል። ቤቲንግ ላይ ቀልድ የለኝም። ትኬት ቆርጦ የማንቸስተርን ጨዋታ የሚያይ ልጅ ኳስ እያየ አይደለም፣ ብሩን ነው የሚያየው።

ኳስን ከሌላ ነገር ጋር ማጣመር እኛ ያመጣነው ሐሳብ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 አንዲት መምህርት የጀመረችው አሜሪካ ስኮርስ የሚባል ፕሮግራም ኳስን ከግጥምና ከማኅበረሰብ አገልግሎት ጋር አንድ ላይ ያስኬዳል። እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ፣ ማታሬ በሚባለው ሰፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተ የወጣቶች ስፖርት ማኅበር አለ። እዚያ አንድ ቡድን ሰፈሩን ሲያጸዳ ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡም ሊጉ ሠንጠረዥ ላይ ይደመርለታል። አስቡት እስቲ፣ ሜዳ ላይ ተሸንፋችሁ በአካፋ ደረጃ ስታሻሽሉ! እኔ የማታሬዎቹን መንገድ እመርጣለሁ። ጽዳቱ የጨዋታው ክፍል ሆነ እንጂ ከጨዋታ በፊት የሚከፈል ቅጣት አልሆነም። አሰልጣኞች ይህን ካነበባችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደ ደብተሩ።

«እኔ ግጥም አልችልም» የምትሉ አላችሁ። ወሎ ተወልዶ ይህን ማለት ትንሽ ያሳፍራል። አምባሰልና ባቲ የምንላቸው ቅኝቶች ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ነው። መንዙማው ግጥም ነው። ሰርግ ላይ አክስቶቻችሁ የሚያወርዱት ግጥም ነው፣ ለቅሶ ላይ የሚባለውም እንደዚያው። ጆሯችሁ ሞልቷል፣ ያልለመደው እጃችሁ ነው።

ከጨዋታው ጀምሩ። ጨዋታ እንዳለቀ ቁጭ ብላችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ጥሩ ጨዋታ ነበር» ክልክል ነው። «ምርጥ ጎል» ክልክል ነው። ኳሷ ከማን እግር ተነሣች? ተከላካዩ ወዴት ዞሮ ነበር? በረኛው ለምን ዘገየ? መጀመሪያ ላይ አታስታውሱትም፣ ምክንያቱም ዓይናችሁ ያለው ኳሷ ላይ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ስትጽፉ ግን ሳታውቁት ሜዳውን በሙሉ ማየት ትጀምራላችሁ፣ ያኔ አሰልጣኙ «ቀና በል» እያለ የሚጮህባችሁ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ቻትጂፒቲ ይጻፍልኝ የምትሉም አላችሁ። እሱ ጨዋታውን አላየውም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ልበል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙዎቻችሁ ትንንሽ ልጆች ነበራችሁ። ያያችሁትን አይታችኋል። ማንም ሰው፣ አስተማሪም ቢሆን፣ «ስለዚያ ጻፉ» ብሎ ሊያስገድዳችሁ አይገባም። ከፈለጋችሁ ግን ጻፉ፣ ጽፎ ለማንም አለማሳየትም መብታችሁ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳችሁ ነገር ካለ ደብተር ብቻውን አይበቃም፤ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ።

መጻፍ ምን ይሠራል ለምትሉኝ ከሥራዬ ልንገራችሁ። ቢሮ ሁለት ዓይነት ማመልከቻ ይመጣል። አንደኛው «የሰፈራችን ችግር እጅግ አሳሳቢ በመሆኑ አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። የት ነው? ምን ሆነ? የለም። ከዚህ ቢሮ ወደዚያ ቢሮ ይመራል፣ መጨረሻው ፋይል ውስጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ወደ ታች ሲወርዱ በስተግራ፣ 20 ሜትር የሚሆን ቦይ በደለልና በፌስታል ተደፍኗል፤ ሁለት ክዳን ተሰብሯል፤ ሲዘንብ ውሃው አራት ቤት ይገባል» ይላል። ይኼኛው ሲደርሰኝ ማምለጫ የለኝም። ተነሥቼ ሄጄ ማየት አለብኝ፣ ስሄድም የት እንደምቆም አውቃለሁ። ጎሏን እንደጻፋችኋት ቦዩንም ጻፉት፣ ሥራው አንድ ነው።

ስለ ጽዳቱም የምለው አለኝ፣ እንጀራዬ ነውና ታገሡኝ። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ነው የተቀመጠችው። ሐምሌና ነሐሴ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ጊዜ አይሰጥም። ቦዩን የሚደፍነው ደግሞ በአብዛኛው እኛው የጣልነው ሃይላንድና ፌስታል ነው። ስለዚህ ከክረምት በፊት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሥሩ። ያወጣችሁትን ደለል ጠርዙ ላይ አትከምሩት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ጓንትና ቦት ጫማ ከሌለ አትግቡ፤ የጠርሙስ ስባሪ አለ፣ መርፌም አለ። ጦሳ ላይ ከጠቆረ ደግሞ ወዲያው ውጡ፣ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ቢሆንም ውጡ። እዚህ ላይ የማንንም «ትንሽ ቀርታናለች» አትስሙ።

ባነር ተሰቅሎ፣ ቲሸርት ተለብሶ፣ ፎቶ ተነሥተን የምንበተንበትን ጽዳት አልወደውም። በሳምንቱ ቦዩ እንደነበረ ይሆናል። አንድ አጭር ቦይ ምረጡና የራሳችሁ አድርጉት። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያቆም ሄዳችሁ እዩት። ውሃው አለፈ? ካላለፈ የት ቆመ? ያንንም ጻፉ።

ሴቶች ልጆች፣ እናንተ ከትምህርት ስትመለሱ ቤት የሚጠብቃችሁን አውቃለሁ፤ ዕቃው፣ ቡናው፣ ታናናሾቹ። ልምምዱ 12 ሰዓት ላይ ካለቀ መንገድ ላይ ይመሽባችኋል። ሰዓቱ ካልተመቻችሁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ፣ ሰዓቱ እንዲቀየር ጠይቁ፣ ብትችሉ ተሰብስባችሁ ጠይቁ። ወንዶቹ ደግሞ እህታችሁ ልምምድ ባላት ቀን ዕቃ እጠቡ። አትሞቱም።

የኮምቦልቻ ልጆች፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትጫወቱ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ ከእናንተ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። መጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ረጋ ብላችሁ ጀምሩ፣ ኳሱን አንሸራሽሩ። የደሴ ልጆች ይህን ስለነገርኳችሁ ይቀየሙኛል፣ ይቀየሙ።

ክለብ ልግባ ብቻ ብላችሁ ለመጣችሁ ደግሞ በግልጽ ልናገር፦ አብዛኞቻችሁ ክለብ አትገቡም። መሞከሩን ግን አትተዉ፣ የሚገባም አለ። የማይገባውም በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ አፉን ፈትቶ የሚናገር፣ ሪፖርቱን ራሱ የሚጽፍ ሰው ሆኖ ከወጣ እኔ አልከሰረም እላለሁ። ቢሮ ውስጥ ዲግሪ ይዘው አንድ ገጽ ደብዳቤ የሚያስጨንቃቸው ጎበዝ ልጆች ብዙ አይቻለሁ።

እንግዲህ ስለ ሰፈሩ ቦይ ደብዳቤ የጻፈ ካለ ቅዳሜ ይዞልኝ ይምጣ። ቀይ እስክሪብቶ አለኝ፣ ስሕተት ሳርም ደግሞ አላዝንም። ተስተካክሎ ከተገለበጠ በኋላ ማዘጋጃ ቤት የትኛው መስኮት እንደሚገባ አሳያችኋለሁ። ሁለት ኮፒ ያዙ። በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ሳይጻፍላችሁ ከመስኮቱ እንዳትነሡ።