መልስ፦ ሁለተኛ አምፕሊፋየር ስጨምር ኖይዙ ለምን አብሮ አደገ?

ሰላም ወንድሜ፣ አራት ኪሎ ላብ ውስጥ ከሕያው ሴል የምትለካው የኤሌክትሪክ ከረንት ደካማ ስለሆነ ሁለተኛ አምፕሊፋየር ብትጨምር ኖይዙም (ሲግናሉን የሚረብሸው ያልተፈለገ መዋዠቅ) እኩል አደገ ብለሃል፤ ሴሎችስ ይህን እንዴት ይወጡታል ብለህም ጠይቀሃል።

ሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም የጨመርከው አምፕሊፋየር፣ ጋ ሲደርስ ሲግናሉና ኖይዙ ተቀላቅለዋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ያገዝፋል እንጂ አይለያቸውም። የሬዲዮ መሐንዲሱ ሃራልድ ፍሪስ በ1944 እ.ኤ.አ. በቀመር እንዳሳየው፣ የመጀመሪያው ደረጃ ጌይን (የማጉላት መጠን) ከፍተኛ ከሆነ የሲስተሙን ኖይዝ በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው። ገንዘብህንም ድካምህንም እዚያ ላይ አውለው።

የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ከረንቱን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይርበትን ፊድባክ ሬዚስተር 100 እጥፍ ብታሳድግ ሲግናሉ 100 እጥፍ ያድጋል፤ የሬዚስተሩ የሙቀት ኖይዝ ግን 10 እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው። ባንድዊድዝ (አምፕሊፋየሩ የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) መቀነሱ አይቀርም። ከረንቱን የምትለካበት ቀጭን የመስታወት ፒፔት ከሴሉ ጋር በጊጋኦም (በቢሊዮን ኦም) ደረጃ ካልተጣበቀ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በስክሪኑ ላይ 50 ኸርዝ ካየህ ደግሞ እሱ ከመብራት መስመር የመጣ ነው፤ ፋራዴይ ኬጅ (የውጭ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚከላከል የብረት ሳጥን) ሥራና ግራውንዶቹን አንድ ነጥብ ላይ አገናኛቸው።

ወደ ሴሉ ስመጣ፣ እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ የዓይናችን ሮድ ሴል (በደብዛዛ ብርሃን የሚያሳየን ሴል) ነው። አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) አንድ ሮዶፕሲን (ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን) ይቀሰቅሳል፤ እሱ ትራንስዱሲን የሚባሉ ብዙ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖችን ያነቃል፤ እነሱ ያስነሱት ኢንዛይም የአዮን ቻናሎችን ክፍት የሚያደርገውን ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ ሞለኪውል ይሰባብራል፣ ቻናሎችም ይዘጋሉ። ይህ ማጉላት የሚሠራው በአንድ ሮድ ውስጥ ካሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሮዶፕሲኖች እያንዳንዱ ያለ ብርሃን፣ በሙቀት ብቻ የሚነቃው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ነው። ሴሉም ጸጥታውን ያስቀመጠው መጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው።

የተጠቀምክበትን የሬዚስተር ዋጋና የኦፕ-አምፑን (የአምፕሊፋየር ቺፑን) ዓይነት ጻፍልኝ፣ አብረን እናስላው።