ከጎንደር፣ ቁጥር ለሚያቀርቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር እዚሁ ጎንደር በአንድ አዳራሽ የወጣት ባለሙያዎች የጥናት ውጤት ሲቀርብ ከኋላ ረድፍ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር። አንዷ አቅራቢ ጎበዝ ናት፤ ብዙ የተደከመበት ሥራ መሆኑም ያስታውቃል። አንዱ ስላይድ ላይ ግን የዘጠኝ ወረዳዎች የወባ ቁጥር በዘጠኝ ቀለማት እንደ ድር ተጠላልፎ ቀረበ። ከአጠገቤ የተቀመጡ፣ ከደንቢያ የመጡ አንድ አባት ጥቂት ትክ ብለው ካዩ በኋላ እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ለመሆኑ የእኛ አገር ወባ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» አሉ። ልጅቱ መልሱን ታውቀዋለች፤ ስላይዱም ላይ አለ። ነገር ግን ቀለሙን ከመፍቻው ጋር እያመሳከረች ስትፈልግ ጊዜው ነጎደ፤ አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ፤ አባትየውም በመጠየቃቸው እንዳፈሩ ሆነው አንገታቸውን ደፉ። ብዕር ያስነሣኝ የእሳቸው ማፈር ነው። ግራፍ አይቶ ያልገባው ሰው ማፈር የለበትም።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጤና መረጃ ስሰበስብ፣ ስደምርና ሳቀርብ ኖሬያለሁ። በእርሳስና በማስመሪያ ጀምሬ ፕሮጀክተር ላይ ደርሻለሁ። የምነግራችሁም አብዛኛው ከስሕተቴ የተማርኩት ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ዓመት የወባ ሕሙማንን ቁጥር በመስመር ግራፍ እንዳሳይ ታዘዝኩ። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ስለነበር ከመስከረም ጀምሬ አሥራ ሦስቱንም ወራት በእኩል ርቀት ደረደርኳቸው። መስመሩ በክረምቱ ከፍ ሲል ቆይቶ መጨረሻው ላይ፣ ጳጉሜን ላይ፣ ገደል ገባ። የአምስት ቀኑን ቁጥር ከሠላሳ ቀኑ ጎን በአንድ መለኪያ አስቀምጬው ነበር። ስብሰባውን የሚመሩት ኃላፊ ያን ቁልቁለት ሲያዩ በክረምቱ የተካሄደው የኬሚካል ርጭት ውጤት መሰላቸው። ደስ አላቸው፤ ለቀሩት ቀበሌዎች የታሰበው ዘመቻ ትንሽ ቢቆይስ የሚል ሐሳብም ተነሣ። ከጥግ የተቀመጡ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ «ጳጉሜን እኮ አምስት ቀን ናት» ባይሉ ኖሮ ውሳኔው ሊጸድቅ ነበር። ዝናቡ ጋብ ብሎ ውኃ በየጉድጓዱ የሚያቁርበት፣ ወባ የሚበረታበት የመስከረምና የጥቅምት ወቅት ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለምን እንዲህ እንደከበደኝ የጎንደር ሰው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደንቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ቤት ዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ ከተማ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ያ መከራ ነው። እዚህ አገር የወባ መስመር ሲወጣና ሲወርድ በውስጡ የሰው ልጅ አለ።

እናንተ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምሩና መደመሩን ከግርጌ ጻፉ፤ ወይም ሁሉንም ወር በቀን አማካይ አስቀምጡ። ለውጭ እንግዳ ስታቀርቡ ደግሞ ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጽፉ አትለፉ። «2010» ብላችሁ ብቻ ብትተዉት እንግዳው ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ያነብባችኋል፤ የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምርም ካልነገራችሁት አያውቅም።

በዘመኔ ካየኋቸው ግራፎች ሁሉ የምወደው በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም። በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የክትባት መከታተያ ቻርት ነው። አጋጣሚ ካገኛችሁ ቀርባችሁ እዩት። ከታች ከሐምሌ እስከ ሰኔ ወራቱ ተደርድረዋል፤ በግራ በኩል የሕፃናት ቁጥር ከዜሮ ወደ ላይ ይወጣል። ከታችኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ጥግ የሚያቀናው ሰያፍ መስመር የዓመቱ ዕቅድ ነው፤ የዓመቱ ሕፃናት ለአሥራ ሁለት ተካፍለው በየወሩ እየተደመሩ ሲሄዱ የሚሠራ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወሩ ሲያልቅ ሁለት ነጥብ ታስቀምጣለች፤ አንደኛው በስድስት ሳምንት የሚሰጠውን ፔንታ 1፣ ማለትም አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለውን ክትባት የመጀመሪያ ዙር፣ የወሰዱት ድምር፤ ሁለተኛው በአሥራ አራት ሳምንት የሚሰጠውን ፔንታ 3፣ የዚያኑ ክትባት ሦስተኛ ዙር፣ የወሰዱት። ነጥቦቹን በእስክሪብቶ ታያይዛቸዋለች። በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚቀረው ክፍተት ጀምረው ያቋረጡት ሕፃናት ናቸው።

አንድ ጊዜ ለድጋፋዊ ክትትል በሄድኩበት ጤና ኬላ አንዲት ወጣት ባለሙያ አውራ ጣቷን በዚያ ክፍተት መካከል አሳርፋ «እነዚህ አሥራ አንዱ ናቸው፤ ሰባቱ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ነገ እሄዳለሁ» አለችኝ። እኔ የመጣሁት በቦርሳዬ አርባ ስላይድ ይዤ ነው። ከአርባው አንዱም «ነገ እሄዳለሁ» የሚያሰኝ አልነበረም። የእሷ ግራፍ ማን እንደሚያነበውና አንብቦ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ ከማንሣቴ በፊት ወረቀቱ ራስ ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፤ የሚያየውን ሰው ማንነትና ካየ በኋላ የሚወስነውን። ሁለተኛውን መሙላት ሲያቅተኝ ግራፉን አልሠራውም።

ይህንኑ የክትባት ክፍተት ውሰዱና ለሦስት ዓይነት ሰው አቅርቡት። ለእናቶች በመቶኛ አትናገሩ፤ አሥር ሕፃናት ሥላችሁ የሁለቱን መልክ አደብዝዙ፤ «ከአሥር ሁለቱ ሳይጨርሱ ቀርተዋል» በሉ። ለወረዳው አስተዳዳሪ ቀበሌዎቹን ብዙ ካቋረጠበት ወደ ጥቂት በቅደም ተከተል ደርድሩ፤ በፊደል ተራ ሳይሆን በችግሩ ክብደት። እሳቸው የሚሹት ሞተር ብስክሌቱ ነገ ወዴት ይሂድ የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ቁጥርና ምጣኔን ለይታችሁ አስቀምጡላቸው፤ የሕዝብ ብዛት ያለው ቀበሌ ብዙውን ጊዜ በቁጥር አንደኛ ይወጣል፤ ትንሿ ቀበሌ ደግሞ ከአራት ሕፃናት ሦስቱ ቢያቋርጡባት ሰባ አምስት በመቶ ተብላ አገር ታስደነግጣለች። ለሙያ ባልደረቦቻችሁ ሲሆን ግን ምንም አታቅልሉ። አካፋዩ፣ መቶኛው የተሰላበት የሕፃናት ብዛት፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጤና ኬላ ሪፖርት እንዳላደረገ፣ የግምቱ ክልል ከየት እስከ የት እንደሆነ አሳዩ። ባልደረባ የሚንቃችሁ ይህን ስትደብቁት ነው።

አንድ ነገር ለአንድ ሰው ብሎ መሣል የሥነ ጥበብ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ካሳ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡበት ዘመን ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮችን ታስታምም ነበር። ከጠላት ጥይት ይልቅ መከላከል የሚቻል በሽታ ብዙውን ወታደር እንደገደለ ከሠንጠረዥ ታውቀዋለች። ሠንጠረዥ ገልጠው የማያነቡ ሹማምንት መኖራቸውንም ታውቃለች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1858 የእያንዳንዱን ወር ሞት በባለቀለም ቁራሽ፣ የበሽታውን በሰማያዊ አድርጋ፣ በዓይን የሚታይ ሥዕል አወጣችላቸው። ሥዕሉን እንደ ዛሬ ባለሙያ ብታዩት እንከን አታጡለትም። ለማን እንደተሣለ ግን ግልጽ ነው።

ስለ ቀሪው አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ባር ግራፍ ከዜሮ ይነሣ። ዘጠና ሁለትንና ዘጠና ስድስትን ከዘጠና ጀምራችሁ ብትሥሉ አንዱ ባር የሌላውን ሦስት እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ ይህን አውቆ የሚያደርግ ሰው ሕዝብ እያታለለ ነው። የመስመር ግራፍ ይህ ግዴታ የለበትም። ክብ ግራፍ ከሦስት ቁራሽ በላይ ሲሆን ተዉት፤ ዓይናችን ርዝመትን የሚያመዛዝነውን ያህል ማዕዘንን አያመዛዝንም። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ፣ በተለይ ወንዶች፣ በየአዳራሹ አሉና ጨመረንና ቀነሰን በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ብቻ አትለዩ።

ስለ ፊደላችን ግን ቆም ልበል፤ ማንም ስለማይነግራችሁ። የእኛ ፊደል «ቡ»ንና «ቢ»ን፣ «ሉ»ንና «ሊ»ን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። በላቲን ፊደል ከሩቅ የሚነበበው መጠን በአማርኛ አይነበብም፤ ከኋላ ረድፍ ያለው ሰው ቅጥያውን አያየውም። ከለመዳችሁት መጠን ከፍ አድርጉ፤ ቦታ ካጠረ ቃሉን ቀንሱ እንጂ ፊደሉን አታሳንሱ። ፎንቱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ደግሞ ጽሑፋችሁ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይቀርባል፤ ስለዚህ በፒዲኤፍ የተቀመጠ ቅጂ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ። መብራት የሄደ እንደሆነም ዋናው ግራፍ በወረቀት ታትሞ በእጃችሁ ይኑር።

ከአዳራሹ ስንወጣ ያቺን ልጅ ጠጋ ብዬ አነጋገርኳት። አልተከፋችም። ሻይ እስኪፈላ ላፕቶፗን ከፍታ ስምንቱን መስመሮች ግራጫ አደረገቻቸው፤ የደንቢያውን ብቻ ደማቅ ሰማያዊ አድርጋ ስሙን በመስመሩ ጫፍ ጻፈች፤ መፍቻውን አጠፋችው። ከላይ «የወረዳዎች የወባ ሥርጭት» የሚለውን ርእስ ሰርዛ «በደንቢያ ወባ ከአምናው ጨምሯል» አለች። ከዚያ በወረቀት አሳትማ አባትየውን አጸዱ ጥላ ሥር ደረሰችባቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው መስመሩን በጣታቸው ከመስከረም እስከ ኅዳር ተከተሉት። «ይኼው፣ እኛም ያልነው ይህንኑ ነው፤ ለቀበሌው ሰብሳቢ አሳየዋለሁ» አሉና አራት ቦታ አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ከኪሳቸው ከተቱት።