የእበት ጉድጓድ በፓምፕ ስለመቅዳት (መልስ)

«ከላሞቼ በረት የተጠራቀመውን የእበትና የሽንት ፈሳሽ በፓምፕ ስቤ ወደ ዝሆን ሳሩ ልልቀቀው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ከፓምፑ በፊት ጋዙን ፍራ። ፈሳሹ ሲማሰል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ በአንዴ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫ ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለህ እንዳትዘናጋ። ነፋስ ያለበት ቀን ምረጥ። ላሞቹንና ልጆቹን አርቅ፣ በረቱን ክፈት፣ ማማሰሉ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ራቅ ብለህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁም። ሲጋራም ክብሪትም አይታሰብም፣ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ አለበት። ገለባ ቱቦውን ከዘጋው መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ። ባልዲ ጉድጓዱ ውስጥ ቢወድቅብህ ተወው! ሰው ቢወድቅ እንኳ ተከትለህ አትግባ፣ እርዳታ ጥራ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ሊያወጣ የገባው ነው። ማሳው ላይ ደግሞ ከውሃ ጉድጓድና ከወንዝ አርቀህ ልቀቀው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ግን ተወው።