አንገረብን ላጥና ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አነበብኩት። ማስተርስሽን ጨርሰሽ ጎንደር ነሽ፣ የአንገረብ ግድብን ደለል ማጥናት ትፈልጊያለሽ፣ ሦስት የውጭ ድርጅት ጋ አመልክተሽ ሦስቱም እምቢ አሉሽ። «ሰው ከሌለሽ አይሰጡም እንዴ?» ብለሻል። ሰው ቢኖር አይጠላም። የኔ ችግር ግን ሰው ማጣት አልነበረም።

የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ጣናን ከእምቦጭ ሊያድን ነበር። ሙሉውን! ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ፣ በአንድ ሰው፣ በሁለት ዓመት። የመለሱልኝ ሁለት መስመር ነው። አሁን ሳስበው እሱም በዝቶልኛል።

ሁለተኛው ባሰ። ፕሪማ የሚባል የውሃና የእርሻ ምርምር ፈንድ አየሁና ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ሰነበትኩ። ለካ የሜዲትራኒያን አካባቢ አገሮች ነው። ግብፅ አለችበት፣ እኛ የለንበትም። ውሃችን ሜዲትራኒያን ይገባል፣ እኛ አንገባም። «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን ከሁሉ በፊት አንብቢ።

በሦስተኛው ጥያቄዬን አሳነስኩት። በክረምት ከአንድ ወንዝ ምን ያህል ጭቃ ይወርዳል? በቃ። ትንሽ ገንዘብ ተገኘች። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ እቀዳ ጀመር። አንድ አዛውንት ገበሬ ሲያዩኝ ሰነበቱና «ልጄ፣ የምትፈልገው ጭቃውን ከሆነ እሱ እኮ ማታ አልፏል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጥላል፣ ጎርፉ ማታ ይወርዳል፣ እኔ ጠዋት የምቀዳው ትራፊውን ነው። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ጎርፍ በመጣ ቁጥር እንዲቀዳልኝ ተስማማን። የማታውን ጠርሙስ መስኮት ላይ አሳድሬ ሳየው ሁለት ጣት ጭቃ ከታች ተኝቷል። የጠዋቱ ታቹን አቧራ የነካው ነው የሚመስለው። ደግሞ በሐምሌ፣ ማሳው ታርሶ ቡቃያው ገና ሳይሸፍነው ውሃው ክፉኛ ይደፈርሳል፣ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ግን ዝናቡ እያለም ጭቃው ይቀንሳል። ቀጥሎ ላመለከትኩት ይህንኑ አስገባሁ። ገምጋሚው ያነሳልኝም የጠርሙሶቹን ነገር ነበር።

አሁን የት ትሞክሪ? ስቶክሆልም ያለው ዓለም አቀፉ የሳይንስ ፋውንዴሽን (አይኤፍኤስ) ጥሪ ሲያወጣ ላንቺ ዓይነት ጀማሪ ተመራማሪ ነው፣ የውሃ ሀብትም ከሚደግፋቸው ዘርፎች አንዱ ነው። የእንግሊዙ የተፈጥሮ ጥበቃ ፈንድ ሩፎርድ ንጹህ የአካዳሚክ ጥናት አይወድም፣ መሬት ላይ የሚሠራ ጥበቃ ይፈልጋል። ለመራባት ወደ መገጭ ወንዝ ሽቅብ የሚወጡትን የጣና ባርበስ ዓሦች ከአስጋሪዎች ጋር እጠብቃለሁ ካልሽ ይሆናል። የደለል ልኬት ብቻውን ግን አይሄድም። ዶክትሬት ካሰብሽ ኦውስድ የሚባለው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ጥሪ ሲያወጣ ስኮላርሺፕ አለው፣ ከዶክትሬት በኋላም እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የምርምር ድጋፍ ይሰጣል።

የአውሮፓ ኅብረትን ትልቁን የምርምር ፈንድ፣ ሆራይዘን ዩሮፕን፣ ብቻሽን አትሞክሪው። የኢትዮጵያ ተቋም ገንዘቡን ማግኘት ይችላል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ቢያንስ ሦስት ተቋማት አብረው መግባት አለባቸው። እኔ ብሆን በኦስትሪያ በኩል እጀምራለሁ። አፒር የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ትብብር ፕሮግራማቸው ኢትዮጵያን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አገሮች አድርጎ ይዟታል። ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ማክሰኚት ጉማራ ተፋሰስ ላይ፣ የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር በኦስትሪያ ገንዘብ የአፈርና የውሃ ጥናት ሠርቷል። ጽሑፎቹን አንብቢና ለጸሐፊዎቹ አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ በኢሜይል ላኪ። ሲቪ አትላኪ፣ ማንም አይከፍተውም።

በጀት ላይ ያቃጠለኝን ልንገርሽ። የውሃ ድፍርስነት መለኪያ ከውጭ አዝዤ፣ የቀረጥ ነጻ ደብዳቤውን ቀድሜ ሳላስጨርስ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔው ነው። መሣሪያው እጄ የገባው መስከረም ላይ፣ ወንዙ ኩልል ብሎ ሲወርድ። ስለዚህ በመጋቢት እጅሽ እንዲገባ አድርገሽ አቅጂ። ውሃ ለሚቀዳልሽ ልጅ አበል፣ ባትሪ፣ ቦቲና የዝናብ ልብስም ጻፊ፣ ጎርፉ ማታ ነው።

የመለሱብሽን ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ገጽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን ገንዘቡን አትጠብቂ፣ ጠርሙስ ይዘሽ ማታ ማታ ውረጂ።