የጠዋት ስላይድ ከሰዓት አይነበብም

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ የምትማር አንዲት የላብራቶሪ ተማሪ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ የተማሪዎቹን ሰገራ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ልሰብስብ፣ የማይክሮስኮፕ ስላይዱንም እዚያው ልሥራና ከሰዓት ከተማ ገብቼ ባነበው ችግር አለው?» መልሱ አንድ ቃል ነው፤ አለው። ያን ቃል ጽፌ ልተኛ ብል ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኛ ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ ቀርተን ነበር።

ነገሩ የሆነው ጎጃም፣ ሜጫ ውስጥ፣ ከመራዊ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። አፈሩ ቀይ፣ ክረምት ላይ እግር የሚይዝ፣ ልጁም አዋቂውም በባዶ እግሩ የሚሄድበት። ቡድኑ የትምህርት ቤት ልጆችን የሆድ ትላትል እንቁላል ሊቆጥር ነበር የሄደው። ዘዴው ካቶ ካትዝ ነው፤ ካቶ ጃፓናዊ፣ ካትዝ ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. ዘዴውን ለቆጠራ እንዲመች ያሻሻለው ብራዚላዊ። ሰገራው በወንፊት ይጨመቃል፤ አሸዋውና ቃጫው ከላይ ይቀራል። የተጨመቀው 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የቅርጽ ማውጫ ቀዳዳ ይሞላል፤ ይህ 41.7 ሚሊ ግራም ነው። ቅርጽ ማውጫው ቀስ ተብሎ ይነሳና በግሊሰሪን የተነከረ ሴሎፋን ይደረብበታል፤ ስላይዱ ተገልብጦ ልሙጥና ጠንካራ ነገር ላይ ይጫናል። ስላይዱን ጋዜጣ ላይ ብታስቀምጡት ፊደሉ በሰገራው ውስጥ ከተነበበ በትክክል ተሠርቷል። ስታነሱት ወደ ጎን አንሸራትታችሁ ነው፤ ወደ ላይ ከመነጨቃችሁት ሴሎፋኑ ተላቆ ይመጣል። የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ሰገራ ያለውን ይሰጣል።

ቡድኑ ይህን ሁሉ አሳምሮ ሠርቷል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስላይዶቹ ተደርድረው በሳጥናቸው ገቡ። ማይክሮስኮፑ ያለው ባሕር ዳር ነው። ምሳ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ሾፌሩ የሚያደርሰው ሰው አለ። ንባብ የተጀመረው 8 ሰዓት ላይ ነው።

ወስፋቱ ነበረ፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ጎርበጥባጣ፣ ቡናማ፣ ማንም የማይስተው። ቢልሃርዚያውም ከነጎኑ እሾህ ቁጭ ብሏል። ሁክዎርም፣ ያ የመንጠቆ ትል የምንለው፣ ከአንድ ሁለት ልጅ በቀር የለም። እኛን የጎዳን ይህ ነው። ወስፋቱ ጥርት ብሎ ስለታየ ስላይዱም አንባቢውም ደህና ናቸው ተባለ። ባዶ ሆኖ የመጣ ውጤት ስህተት አይመስልም፤ ምሥራች ነው የሚመስለው። ሪፖርቱ ላይ «ሁክዎርም በአካባቢው እምብዛም አይታይም» ተብሎ ተጻፈ። ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት፣ በአፈር የሚተላለፉ ትሎች ከልጆቹ 20 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑትን ከያዙ በዓመት አንድ ጊዜ፣ 50 በመቶ ከደረሱ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ይሰጥ ይላል። ሁክዎርሙ ከቁጥሩ ሲወጣ ያች ቀበሌ ከ20 በታች ወረደች። አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም፣ አንዲት የምትታኘክ ክኒን፣ ለእነዚያ ልጆች ሳትደርስ ቀረች።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ እዚያው ትምህርት ቤት ተሄደ። በዚህኛው ጉዞ በመስታወት ብርሃን የሚቀበል አሮጌ ማይክሮስኮፕ ተጭኖ ነበር። መብራት የማይጠይቅ፣ መስኮት አጠገብ አድርጋችሁት መስታወቱን ወደ ሰማዩ ስታዞሩት የሚበራ። ዛሬ በየመጋዘኑ አቧራ ለብሶ የተጣለ ዕቃ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም አልንቀውም። አንድ ስላይድ ተሠርቶ በ40ኛው ደቂቃ ሲታይ ሁክዎርሙ በማይክሮስኮፑ እይታ ሁሉ አለ፦ ሞላላ፣ ቅርፊቱ እንደ ሳሙና አረፋ የሳሳ፣ መሐሉ ላይ ጥቂት ህዋሶች የታቀፈ። ያው ስላይድ ጠረጴዛው ላይ ተተወ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆነው እዚህም እዚያም የደበዘዘ ጥላ ብቻ ቀረ። በሦስት ሰዓቱ ወስፋቱ እንደ ጠዋቱ ተቀምጧል፤ ሁክዎርም የሚባል ነገር ግን የለም። ስላይዱ ያው፣ ልጁም ያው።

ምክንያቱ ግሊሰሪኑ ነው። ሰገራውን ብርሃን እንዲያሳልፍ የሚያደርገው ያ ፈሳሽ ቅርፊቱ የሳሳውን እንቁላልም አብሮ ያጠራዋል፤ ከዚያ ይሟሽሻል፣ ከዓይን ይሰወራል። ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል፤ ከማርቆስ ብርድ ይልቅ በባሕር ዳር ወበቅ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ሁክዎርም የሚነበበው ስላይዱ ከተሠራ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ገና አልጠራም፤ ከዚያ በኋላ ሄዷል።

ፕሮቶኮሉን፣ የሥራ መመሪያውን፣ አልጣስንም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ፕሮቶኮሉ ውስጥ «በዚያው ቀን ይነበባል» የሚል መስመር ነበር፤ እኛም በዚያው ቀን አነበብን። ለተማሪዎቼ ከፕሮቶኮል ንቅንቅ አትበሉ እያልኩ ዘመኔን ጨረስኩ፤ ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደተጻፈ ካላወቃችሁ አትመኑት እላለሁ። ሁለቱን እንዴት እንደምታስታርቁ እናንተው ተነጋገሩበት።

የሥራው ስሌት እንዲህ ነው። ጥንቁቅ አንባቢ ለአንድ ስላይድ 10 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የንባቡ መስኮት 30 ደቂቃ ከሆነ አንድ ሰው በአንድ ዙር የሚደርስባቸው 3 ስላይዶች ናቸው፤ ቢፈጥን 4። አርባ ስላይድ በአንድ ጊዜ ሠርታችሁ ብትደረድሩ አብዛኛው ሳይነበብ ያልፍበታል። ስለዚህ ስላይድ የሚሠራው በአንባቢው ፍጥነት ነው፤ ለአንድ ማይክሮስኮፕ በየ10 ደቂቃው አንድ። በእያንዳንዱ ስላይድ ጠርዝ ላይ ከመለያ ቁጥሩ ጎን የተሠራበት ሰዓት በእርሳስ ይጻፋል። መጀመሪያ ሁክዎርሙ ይቆጠራል፤ ወስፋቱና ቢልሃርዚያው ይጠብቃሉ፣ ነገም ቢሆን እዚያው ናቸው። ከተነበቡት 10 በመቶውን የመጀመሪያውን ቁጥር ያላየ ሁለተኛ ሰው ይድገመው፤ ለሁክዎርም ግን ድጋሚውም በዚያው ሰዓት ውስጥ ካልሆነ የሚያነጻጽረው የጠፋ ነገር ነው።

ቆጠራ ላይ ሰነፍ አትሁኑ። በቢልሃርዚያ 4 እንቁላል በ24 ሲባዛ 96 ነው፤ ቀላል ይባላል። 5 ከሆነ 120፤ መካከለኛ። አንዲት እንቁላል ልጁን ከደረጃ ደረጃ ታሻግረዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጆቹ የናሙና ዕቃ ሲሰጣቸው ያልመጣለት ከጓደኛው ይካፈላል። በክብሪት ቀፎ ይሰበሰብ በነበረበት ዘመን ሦስት አራቱ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ቀለሙ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ፣ እንቁላሉም ተቀራራቢ። መምህር ሲቆጣቸው ይብሳል። «ያልመጣለት ነገ ያምጣ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ይበቃል።

የዛሬ ወጣቶች ሶፍትዌሩን ከእኛ አሥር እጥፍ ታውቃላችሁ። ግን የማነበው ፕሮፖዛል ሁሉ የናሙናው መጠን 422 ልጅ ነው። ስርጭቱን 50 በመቶ፣ ስህተቱን 5 በመቶ ብላችሁ 384 ታወጣላችሁ፤ መልስ ለማይሰጥ 10 በመቶ ትጨምራላችሁ፤ አለቀ። ልጆቹ የሚመረጡት በትምህርት ቤትና በክፍል ተቧድነው ከሆነ ግን የአንድ ክፍል ልጆች አንድ ወንዝ የሚወርዱ ናቸውና ይመሳሰላሉ፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ይባዛል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ስትነካኩ ማየትም ያናድደኛል። ይሁንና ያን ጊዜ ስልክ ኖሮ አንዱ ስላይዱን በ40ኛው ደቂቃ ፎቶ አንስቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ስለ ሥነ ምግባር ኮሚቴና ስለ ወላጅ ፈቃድ አልናገርም፤ እሱን ሳታውቁ እዚህ አልደረሳችሁም።

አሁን ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። ማይክሮስኮፑን ትምህርት ቤቱ ድረስ መውሰድ ካልቻልሽ ስላይዱን እዚያ አትሥሪ። ሰገራውን በክዳን ዕቃ፣ በቀዝቃዛ ሳጥን፣ በረዶው ሳይነካው ጫኚ፤ ሙቀት ላይ ከዋለ የሁክዎርሙ እንቁላል በአንድ ሁለት ቀን ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል። ስላይዱን ከተማ ስትደርሺ፣ በዚያው ቀን፣ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ሥሪው። ፎርማሊን፣ ያን የናሙና ማቆያ፣ እንዳትጨምሪበት፤ ለካቶ ካትዝ አይሆንም። ተቅማጥ የሆነውን ናሙናም ለይተሽ መዝግቢው፤ ቀዳዳው ውስጥ አይቆምም። ብትችዪ ከእያንዳንዱ ልጅ የሁለት ቀን ናሙና ውሰጂ፤ ትሏ በየቀኑ እኩል እንቁላል አትጥልም።

ሰኞ ትወጫለሽ ብለሽኛል። 100 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃና 1 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ማላካይት ግሪን የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም ቀላቅይና ሴሎፋኑን ቅዳሜ ማታ ንከሪው፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይፈልጋል።