ልጆቹ ስንት ነበሩ?

ይድረስ ከወልድያ እስከ ከሚሴ፣ መጽሐፍ ይዛችሁ ሌሊቱን ለምታነጉ ልጆቼ።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ረስታው የሄደችው አንድ ረጅም የቤተሰብ ታሪክ ልብ ወለድ እጄ ገባ። ሰኞ ማታ ጀምሬ ሐሙስ ንጋት ላይ ጨረስሁት። በመካከሉ ደሴ መብራት ጠፋ፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሸፈነው፤ እኔ በሻማ ቀጠልሁ። ባለቤቴ እራት ሁለት ጊዜ አሙቃ ሁለት ጊዜ መለሰችው። የእድር ስብሰባም አመለጠኝና ቅጣት ከፈልሁ። በዚህ ዕድሜዬ «ልብ ወለድ ይዞኝ ነው» ብዬ ማን ፊት ልቁም? ዳኛ ሳለሁ ከዚህ የሚሻል የመቅረት ምክንያት ስንት ጊዜ ውድቅ አድርጌያለሁ።

ታሪኩ ጨለማ ነው። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ እምነቱን እንዲለውጥ የታዘዘ አንድ የወሎ ባላባት፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ሲኖር ይጀምራል። ልጁ በ1909 ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ሰገሌ ዘምቶ በዚያው ይቀራል። በኅዳር 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ቤቱ ይቃጠላል። በ1966ቱ ረሀብ ደግሞ የቤቱ እመቤት ጎተራዋን ትቆልፋለች፤ ውጭ፣ ከደጃፏ፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። የማን ልጅ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ድረሱበት።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲውጣችሁ ተዋጡለት። ስሞቹ ከአያት ወደ የልጅ ልጅ ስለሚደጋገሙ የዘር ሐረጉን በአንድ ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ሂዱ እንጂ መጨረሻውን አስቀድማችሁ አትግለጡ። ስትጨርሱም ልብ ወለድ ማስረጃ አለመሆኑን አስታውሱ። ቦሩ ሜዳም ሰገሌም የሆኑ ነገሮች ናቸው፤ ሴትዮዋ ግን የደራሲው ናት።

እኔን የጣለኝ ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ስዳኝ አብዛኛው መዝገቤ የውርስ ነበር። ወንበሩን ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ፤ ወንበሩ ግን እኔን አልለቀቀኝም። ገና መጽሐፉን ሳላጋምስ በዚያች ሴት ላይ ፈርጄ ጨርሼ ነበር። ከዚያ እህሉን የምትሰፍርበት ገጽ መጣ። በኩራዝ ብርሃን እፍኝ በእፍኝ ትቆጥራለች፤ ለስድስት ልጆች፣ እስከ አዲሱ አዝመራ። እርሳስ አንስቼ በገጹ ዳርቻ እኔም አሰላሁ። ለጥቂት አልበቃም። ሰባተኛ ልጅ ጨምሬ ብሞክረው ስድስቱም አይተርፉም። የእኔን ቤት እህል ይመስል ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፤ ሻማው አለቀ።

በጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ከ1977ቱ ረሀብ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሰፈራ ሄዶ የተመለሰ ወንድሟ በአንድ ቤትና በጥቂት ከብት ድርሻዬን ብሎ ከሷት ነበር። «ከአባታችሁ ስንት ልጆች ተወለዳችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ስደግምባት የነጠላዋን ጫፍ መቋጠር ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቋጠሮ። ከዚያ አንድ በአንድ ፈታችው። ከሳሹ ወንድሟም አንገቱን ደፋ። እኔ ግን የሚጠብቀኝ መዝገብ ብዙ ነበርና «መልስ የላትም» ብዬ ጽፌ አለፍሁ። ወራሽ ደብቃለች ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። ያን ሌሊት ግን ቋጠሮዎቹን ቆጠርኋቸው።

ልጆቼ፣ ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ሽማግሌዎች መሮጣችሁ አይቀርም። ሂዱ፤ ግን እንደ መርማሪ አትቀመጡባቸው። በአቦል የሚወራው የገበያና የዝናብ ወሬ ነው፤ በቶናም ገና ነው። የቆየ ነገር የሚመጣ ከሆነ በበረካ፣ ጭሱ ሲሳሳና እንግዳው ሲወጣ ነው። ዝም ካሉም «አብሽሩ» በሏቸውና ሲኒውን ተቀበሉ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ለመቅዳት አትቸኩሉ፤ ያ ቀይ ነጥብ ሲበራ ከእኔ የችሎት ጠረጴዛ ብዙም አይለይም።

የልጅ ልጄ ባለፈው ቅዳሜ መጽሐፏን ልትወስድ መጣች። ስታገላብጥ ያንን ገጽ አገኘችውና፣

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የእህል ስሌት ነው።»

ጣቷን በእርሳሱ ጽሑፍ ላይ እያስኬደች ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«በእናንተ ቤትስ ስንት ነበራችሁ?»

አያቷ ገና ቡናውን እየቆላች ነበር።

«በረካው ይድረስ» አልኋት።