ስሙን ጠይቁት እንጂ አትንገሩት

ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ተመድባችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣት ነርሶችና ሐኪሞች፤

ስለ ሆስፒታሎች ዓለም አቀፍ እውቅና ሲነሳ ለብዙው ሰው የሚታየው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ወረቀት ነው። መዛኞቹ ግን አንድ ታካሚ መርጠው ከካርድ ክፍል እስከ አልጋው የሄደበትን መንገድ ይከተላሉ። ተረኛዋን ነርስ አስቁመው «ይህን መርፌ ለማን ነው የምትሰጪው? እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?» ይሏታል። ሆስፒታሎችን መዝኖ እውቅና ከሚሰጠው ከጆይንት ኮሚሽን ኢንተርናሽናል ስድስት የታካሚ ደኅንነት ግቦች የመጀመሪያው ይኸው ነው፦ ታካሚን በትክክል መለየት።

በእኛ ከተሞች ይህ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አንድ ዎርድ ውስጥ ሁለት አህመድ መሐመድ ቢተኙ ማንም አይደነቅም። «አህመድ መሐመድ ነዎት?» ካላችሁ የደከመውም፣ በደንብ ያልሰማውም፣ ከሶማሊኛ በቀር የማይችለውም ራሱን ነቅንቆ «አዎ» ይላል። «ሙሉ ስምዎ ማን ነው?» በሉ፤ እስከ አያት ያስጠሩ፤ ቋንቋው ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጥሩ። ቀጥሎ የካርድ ቁጥሩን ከቻርቱ ጋር አስተያዩ። ዕድሜ ብዙ አያስተማምንም፣ አዛውንቶቻችን በግምት ነው የሚናገሩት። የአልጋ ቁጥርማ ፈጽሞ መለያ አይሆንም፤ ሌሊት አልጋ ይቀየራል።

የናሙና ብልቃጥ ላይ የሚጻፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ እዚያው ታካሚው አጠገብ ነው። ሦስት ብልቃጥ አስቀድሞ ጽፎ በትሪ ይዞ መዞር ጊዜ የቆጠበ ይመስላል፤ የደም ዓይነት የሚቀያየረው ግን እንዲያ ሲሆን ነው።

በስልክ የመጣ ትእዛዝ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይነበባል፣ ሐኪሙም «ልክ ነው» ይላል። መስመሩ ጥራት ሲያጣ «ሠላሳ» እና «ስልሳ» አንድ ናቸው፤ ስለዚህ «ስድስት፣ ዜሮ» እያላችሁ አንብቡ።

የፖታሲየም ክሎራይድ አምፑል ዎርድ መሳቢያ ውስጥ ካያችሁ ያኔውኑ ለፋርማሲ መልሱ። ከመርፌ ውኃ ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ሳይበረዝ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ማረጋገጫ ቅጽ የተሠራው ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ነው፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን አንድ ሰው ጥግ ይዞ የቅጹን ሦስቱንም ክፍል በአንድ ትንፋሽ ምልክት አድርጎ ሲሞላው ነው። እንዲህ የተሞላ ቅጽ ስታገኙ አትፈርሙበት፤ ቡድኑ እንዲቆም ጠይቁና ከመጀመሪያው መስመር፣ ከታካሚው ስም ጀምራችሁ አንብቡት።